ወጣት ሲሞት፦ መርዶ፣ ታናሽ ወንድምና መታሰቢያ (ከድሬዳዋና ከሐረር ለደወሉ አድማጮች)

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን በሰፈራችሁ ስለሞተ ወጣት ነው። አራቱን መርጠን መልሰናል።

ከገንደ ቆሬ የደወሉ እናት፦ «የጎረቤቴ ልጅ በሚማርበት ከተማ በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ገና አልሰማችም፤ ስኳር አለባት። እንዴት ነው የምንነግራት?»

ከሁሉ በፊት ስልኳን አስቡ። መርዶ ነጋሪ ሳይደርስ የልጁ ጓደኞች ፎቶውን «ነፍስ ይማር» ብለው ፌስቡክ ላይ ይለጥፉታል። ከጓደኞቹ አንዱን ፈልጉና እናቱ እስክትሰማ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ ያስነግርላችሁ።

መርዶ በልማዳችን ንጋት ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይነገራል። ሰው ቤቱ ነው፤ ለቅሶ ደራሽም ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ይሆናል። ሬሳው እየመጣ ከሆነ ግን ንጋት አትጠብቁ። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ የቅርብ ዘመዷ፣ አንዷ የምትደገፍባት ጓደኛዋ ይሁኑ። ሌላው ሰው ከግቢ ውጭ ይቆይ፤ ተሰብስቦ ካየች ሳትቀመጥ በር ላይ ትረዳዋለች። አስቀምጧት፣ ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ፣ ቃሉን በግልጽ ተናገሩ፦ «ልጅሽ አርፏል።» «ትንሽ አሞታል» ብሎ መጀመር ደግነት ይመስላል፤ ግን ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ነው። ደረቷንና ፊቷን እንዳትመታ እጇን ያዙ፣ ከማልቀስ ግን አትከልክሏት።

ስኳሩን አትርሱ። ሐዘንተኛ እህል አልቀምስም ይላል፤ መድኃኒት ወስዳ ካልበላች ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የተዘባረቀ ንግግር ካያችሁ «ሐዘን ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ስጧት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላት ድገሙ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጡ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። የስኳር መድኃኒቷን ወይም መርፌዋንም በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ሐኪሟን ጠይቁ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው ዛሬውኑ መድቡ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ባለበት እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ ይተወዋል።

ከሳቢያን የደወሉ አባት፦ «ትልቁ ልጄ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። የ6 ዓመቱን ወንድሙን ‹ውጭ አገር ሄዷል› አልነው። አሁን ‹ለምን አይደውልልኝም?› ይላል።»

ዛሬ ንገሩት። ከትምህርት ቤት ልጆች ከሰማ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በወንድሙ ሞት፣ በእናንተም መዋሸት። እርስዎ ወይም እናቱ ሌላ ሰው በሌለበት እንዲህ በሉት፦ «የነገርንህ እውነት አልነበረም፤ ፈርተን ነው። ወንድምህ ሞቷል። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፤ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም።» «ተኝቷል» አትበሉት፤ ማታ መተኛት የሚፈሩ ልጆች አሉ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አልቅሶ ወዲያው ኳስ ሊጫወት ይችላል፤ አልገባውም ማለት አይደለም። ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በዚያው ቃል መልሱለት። ሳይጠይቃችሁ ደግሞ ይህን ጨምሩ፦ «ስለተጣላችሁ አይደለም የሞተው።» ብዙ ልጆች ይህን ውስጣቸው ይዘው አይናገሩትም። አርባው ላይ ይገኝ። የሚያየውን ቀድማችሁ አስረዱት፤ የእሱን እጅ ብቻ የሚይዝ፣ ልውጣ ካለም ይዞት የሚወጣ አንድ አዋቂ ይመደብለት።

ከሐረር የደወለች እህት፦ «ወንድሜ ንብረት የለውም፤ ሞቱን ማስመዝገብ ያስፈልጋል?»

አዎ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። መታወቂያውንና የሆስፒታል ማስረጃ ካለ እሱን ይዘሽ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ሂጂ። ትንሽም ብትሆን ባንክ ያለው ገንዘብ ያለ ምስክር ወረቀቱ አትወጣም።

ከለገሀሬ የደወሉ ወጣቶች፦ «የቡድናችን በረኛ ሞተብን። ሙስሊም ነው፤ ብዙዎቻችን ክርስቲያን ነን። በአርባው ሻማ አብርተን፣ ፎቶው ያለበት ቲሸርት ለብሰን ልናስበው ነው።»

ፍቅራችሁ ይገባናል፤ ግን ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት አባቱን ጠይቁ። በእስልምና ሐዘን መቀመጥ ሦስት ቀን ነው። አርባ ማውጣት የሚጠበቅ ሥርዓት አይደለም፤ ሻማውም የእናንተ እንጂ የቤቱ አይደለም። ፎቶውም እናቱ በየመንገዱ ልታየው የማትችለው ሊሆን ይችላል። በሦስቱ ቀን ቤቱ ምግብ እንዳያበስል ምግብ ማምጣት፣ ውሃ መቅዳት፣ ወንበር መደርደር ትችሉ ነበር። ካለፈም ግድ የለም፤ በሦስተኛው ወር ሂዱ፣ ያኔ ቤቱ ጭር ብሏል። ስሙንም ጥሩት፤ «ያቺን ኳስ እንዴት እንዳወጣት» ብላችሁ ለእናቱ ንገሯት። ሰው እንዳትከፋ ብሎ ስሙን ሲሸሽ ልጇ የተረሳ ይመስላታል።

የሚቀር ነገር ካሻችሁ ሰደቀቱል ጃሪያ አለ፤ ጥቅሙ የሚቀጥል ምጽዋት ማለት ነው። ለድሬ ሙቀት ውሃ የሚተካከለው የለም፤ ከሜዳው አጠገብ ቧንቧ ያለው ሮቶ አስቀምጡ። ጥላ ሥር ይሁን፣ ክዳኑ ይቆለፍ፣ መቀመጫው ጆሪካን ከቧንቧው ሥር እንዲገባ ከፍ ይበል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ማን እንደሚሞላው፣ ማን በየወሩ እንደሚያጥበው፣ የውሃውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ተራ አውጥታችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይሮጣል፤ ከዚያ ቧንቧው ይሰበርና የሚጠግነው ይጠፋል። ስሙ የተጻፈበት ሮቶ ደርቆ እናቱ በዚያ በኩል ገበያ እንዳትሄድ፤ ተራው ስድስት ወር ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ ስሙን ጻፉበት።