የአባቴ ጨጓራ

እንደምን አመሻችሁ፣ አድማጮቼ። ከኋላዬ የሚያጉረመርመው ቬንቲሌተር ነው፤ ታገሡኝ። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ እሱን አጥፍቶ ድምፅ መቅዳት የእኔ አቅም አይደለም።

ምናልባት ሌላም ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። ቀን በፀሐይ ሲጋል የዋለ ቆርቆሮ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲልበት ይኮማተርና «ጧ!» ይላል። የከተማችን ሰው ለምዶታል፤ ሕፃናት እንኳ አይነቁለትም። በእኛ ቤት ግን የሚነቃለት ሰው አለ። ልጅ ሳለሁ ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የአባቴ አልጋ ሲንቋቋ፣ ከዚያ ባዶ እግር በሲሚንቶው ላይ ሲራመድ፣ ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነካ እሰማ ነበር። መብራት አያበራም። በጨለማ ዳብሶ፣ መቀርቀሩን አረጋግጦ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጠዋት እናቴ ስትጠይቀው መልሱ ምንጊዜም ያው ነው፤ «ጨጓራዬ ነው ያስነሳኝ።»

አባቴ የካራማራ ዘማች ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ማለት ነው። የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ሜዳሊያውን አውጥቶ በጨርቅ ያብሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ስለ ጦርነቱ ከጠየቃችሁት የብርጌዱን ቁጥርና የአዛዦቹን ስም ይነግራችኋል። ከዚያ ያለፈውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶታል።

ሆዱም እየፈጀው ነው መሰለኝ። የአባቴ መድኃኒት የሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ኦሜፕራዞል፣ ነጩ ሽሮፕ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ባክቴሪያ አለብህ» ተብሎ የወሰደው የሁለት ሳምንት መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ። ከአርባ ዓመት በላይ በየክሊኒኩ ሲመላለስ በርበሬ ተው፣ ቡና ቀንስ፣ በባዶ ሆድ አትዋል ተብሏል። ሌሊት ምን እንደሚያስነሳው የጠየቀው ሐኪም ግን አላጋጠመኝም። በእነሱ ብቻ አልፈርድም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ሰሞኑን ባነበብኩት ነገር ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ተቋም፣ ሊሳ ብሬነር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሙከራ ጥናት አሳትመዋል። ተሳታፊዎቹ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ዘመን ያገለገሉ 31 ሰዎች ናቸው። ሁሉም ቀላል የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ሲሆኑ፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀትም አለባቸው፤ ባለሙያዎቹ ፒቲኤስዲ የሚሉት ማለት ነው። እኛ ቤት ስሙ መባነን፣ መበርገግና መቃዠት ነው። ሕመሙ በዚህ ስም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሲሰላ ከካራማራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባቴ ሕመሙን ይዞ ሲመለስ ሕመሙ ገና ይህን ስም አላገኘም ነበር።

ለግማሾቹ ላክቶባሲለስ ሮይተሪ የተባለ ባክቴሪያ፣ ለቀሩት ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ ባክቴሪያ የሌለበት ነገር ለ8 ሳምንታት ያህል ተሰጣቸው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ፒቲኤስዲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ሰውነት በብግነት ላይ መሆኑን፣ ማለትም ጉዳት ወይም ጀርም እንደገባበት ተቆጥቶ ራሱን እየተከላከለ መሆኑን፣ የሚያሳዩ ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ጠላት ሳይኖር ዘብ ቆሞ የሚያድር ሰውነት በሉት። ከዚያም የሚገርመው፣ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ወደ ግዳጅ ከመሄዳቸው በፊት ደማቸው ተመርምሮ፣ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ቀድሞውኑ ከፍ ያለባቸው ሲመለሱ የበለጠ የጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። እና ሆድ ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ተሕዋስያን ብግነትን ማብረድ ከቻሉ፣ ዘቡንም «በቃ፣ ተኛ» ሊሉት ይችሉ ይሆናል ነው ነገሩ። ሆድና አንጎልን የሚያገናኝ ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ አለ፤ አብዛኞቹ ክሮቹ ወሬ የሚያደርሱት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው። እዚህ ላይ «ሆድ ባሰው» የሚለውን አባባላችንን ጠቅሼ ሳይንሱን ቀድመነው ነበር ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን አልልም።

ውጤቱስ? ልከኛ ነው። በደም ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ወደ መቀነሱ አዘነበለ እንጂ በእርግጠኝነት ቀነሰ ለማለት አልበቃም። 31 ሰው ጥቂት ነው። ባክቴሪያው ፒቲኤስዲን ፈወሰ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬም የተሻለ ማስረጃ ያላቸው የሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው የንግግር ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ይህን እያዳመጠ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ካለ ተጣልተናል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፤ ይህኛው ልቤን የነካው በትውልድ ቦታው ነው። እዚያው ኮሎራዶ ክሪስቶፈር ሎሪ የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ማይኮባክቴሪየም ቫኬ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ በሙቀት ገድለው ለአይጦች በመርፌ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳተሙት አይጦቹ ጫና ሲደርስባቸው የፍርሃት ጠባያቸው ቀነሰ፣ አንጀታቸውም ከቁስለት ተረፈ። በጥናቱ የተጠቀሙበት የባክቴሪያው ዝርያ የተገኘው ዩጋንዳ ውስጥ ከኪዮጋ ሐይቅ ጭቃ ነው። ከእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ጭቃ ማለት ነው! አይጥ ግን ካራማራ አልዘመተችም።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ባወራለት «እርጎ ይጠጣና ይገላገላ» አለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ትርጉም ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ተሕዋስ ነው። የእናቴ እርጎ በወይራ በታጠነ ቅል ራሱ ይረጋል፤ ዛሬ የገባበት ባክቴሪያ ነገ ላይገባበት ይችላል። ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ማን ቆጠረው? እንጀራማ እርሾው ስንት ቀን ቢደክም ምጣዱ ይጨርሰዋል። ጎረቤታችን ከሽንሌ የሚመጣላትን የኮመጠጠ የግመል ወተት፣ ድሃናን የሚሉትን፣ ትሰጠኛለች፤ እኔ ደብቄ እጠጣለሁ፣ አባቴ ግን በሃይማኖቱ ግመል ነክ ነገር በአፉ አይዞርም። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና ይህንንም እዩልኝ።

ጾሙም አለ። ጥናቱ 8 ሳምንት ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቁጥሩን አስተያይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ኮሎራዶዎቹ አባቴን ቢያገኙትና ወተት ይጠጣ ቢሉ፣ ከሁዳዴ ጋር ከተገጣጠመ ጥናቱ ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። በዚያ ወራት የኮመጠጠ ነገር ቢባል ያለን ስልጆ ነው፤ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ ተበጥብጦ ይበስልና ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። እናቴ ጋኑን ጓዳ አስቀምጣ ክዳኑን ማንም እንዲነካ አትፈቅድም። አባቴ ለጨጓራው አይስማማውም ይላል፤ ሁለት ጊዜ ያስጨምራል።

ከጥናቱ ብዙ ያሰብኩበት ግን ስለ ደሙ የተጻፈው አይደለም። ሙከራው በዋናነት የጠየቀው ወታደሮቹ ይህን ነገር ተቀብለው በትክክል ይወስዱታል ወይ የሚለውን ነበር፤ ወስደውታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አባቴን የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬው አውቃለሁ፤ «አበድኩ እንዴ?» ብሎ ለሦስት ቀን አኩርፎኛል። ለጨጓራ ግን ሐረር ድረስ ሂድ ቢሉት በነጋታው ሚኒባስ ይሳፈራል። በሆድ በኩል የሚመጣ ሕክምና እሱን አያሳፍረውም።

በመጀመሪያ በዚህ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። ሌላ እንክብል በብስኩት ቆርቆሮው ላይ ጨምረን፣ አሁንም ሳንጠይቀው ሌላ አርባ ዓመት ብንቀመጥስ? በድሬዳዋ ከእሱ ጋር የዘመቱ፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን የገቡ፣ ከሰዓት በኋላ በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚውሉ ስንቶቹ ጨጓራ እያሉ እንደሚያልፉት እኔ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮው ጮኸ። አልጋው ተንቋቋ፣ መቀርቀሪያው ተነካ። ተነሥቼ ከጓዳ እርጎ በብርጭቆ ቀድቼ አመጣሁለት። «ጨጓራህ ነው?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ሰማህ?» አልኩት።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። «ውሃ በናፍጣ በርሜል ነበር የሚመጣልን» አለ። «አጠገቤ የነበረው ልጅ ሲጠጣ አፍንጫውን ይይዝ ነበር።» የልጁን ስም ነገረኝ። በዚህ ቤት ከዚያ በፊት ተጠርቶ አያውቅም፤ እዚህም አልጠራውም። ሌላ አልጨመረም። እርጎውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«አልኮመጠጠም» አለኝ፤ «ነገ ትንሽ አቆዪው።»