ከበሽታው ኪሳራ ስንቱን ማዳን ይቻላል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ!

የዓመቱን ሥራና ሒሳብ ጸሐፊያችን ከሰዓት በኋላ ያቀርባል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ላውለው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስለ እንስሳት በሽታ ወሬ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ «በሽታው ስንት ያከስራል?» ጋዜጠኛውም ይጠይቃል፣ ባለሥልጣኑም ይጠይቃል፣ ለጋሹም ይጠይቃል። እኛም ደስ ብሎን ቁጭ ብለን እናሰላለን። በሽታ ከዓለም የእንስሳት ምርት 20 በመቶ ያህሉን ያሳጣል የሚለውን ግምት ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቁጥሩ ስብሰባ ያሞቃል፤ በጀትም ያስለቅቃል። ነገር ግን ምን እናድርግ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የለውም።

የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው? በሽታ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለበት ዓለም ጋር። እንዲህ ያለ ዓለም የለም። እንድረስበት ብንል እንኳ የምናወጣው ገንዘብ ከምናድነው ሊበልጥ ይችላል። የበሽታ ዋጋ ሁለት ነገር ነው፤ በሽታው ያሳጣን ምርት አለ፣ በሽታውን ለመከላከልና ለማከም ያወጣነው አለ። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። መቀነስ ያለበት የሁለቱ ድምር ነው።

የወተት ላሞችን የጡት ብግነት ውሰዱ። ጡቱን አጥቦ ማለብ፣ የማለቢያ ዕቃውን ማጽዳት፣ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ማለብ፤ እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ብዙም ያድናሉ። ከዚያ በላይ ልሂድ ስትሉ ምርመራው ይበዛል፣ መድኃኒቱ ይወደዳል፣ የሚተርፈው ወተት ግን እያነሰ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ተጨማሪው ወጪ ከተጨማሪው ወተት ይበልጣል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። የቀረው በሽታ ይቅር። እንስሳት ሐኪም ወዳጆቼ ይህን ስል ፊታቸው ይለዋወጣል፤ አልፈርድባቸውም። የእነሱ ሙያ በሽታ ማጥፋት ነው። የእኛ የኢኮኖሚስቶቹ ሙያ ደግሞ ያ ገንዘብ ለመኖ ወይም ለውኃ ቢውል ምን ያስገኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ነው።

በሽታን ከሀብት አጠቃቀም ለይተን ማየታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድ ጥጃ ሲሞት የጠፋው ጥጃው ብቻ አይደለም። እናቱ በእርግዝና ጊዜ የበላችው መኖ፣ የግጦሹ መሬት፣ የእረኛው ድካም አብሮ ሄዷል። ሳትሞት የምታዘግመዋ ላም ደግሞ የባሰች ናት። በየቀኑ ትበላለች፤ የምትሰጠው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ክትባትና መድኃኒት እንደ መኖ ሁሉ አንድ የምርት ግብዓት ናቸው። አንዳንዴም አንዱ ሌላውን ይተካል። የሆድ ትል የሚጎዳው ከጠገበው ይልቅ የተራበውን እንስሳ ነው። ለትል መድኃኒት ከሚወጣው ከፊሉን መኖ ላይ ማዋል የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያሰላ ጥናት ግን ብዙ አላይም። መኖውን አንዱ ክፍል፣ መድኃኒቱን ሌላው ክፍል ያስተዳድረዋላ!

እስካሁን ያልኩት ለጡት ብግነት በደንብ ይሠራል። ጉዳቱም ጥቅሙም በአብዛኛው በባለቤቱ ደጃፍ ያበቃልና። አፍተግር የሚባለውን ተላላፊ የእንስሳት በሽታ ግን አጥር አይገድበውም። ከብቶቹን የሚያስከትብ ሰው ወጪውን ብቻውን ይከፍላል፤ ጎረቤቱ በነጻ ይጠቀማል። ስለዚህ ሁሉም ለራሱ ብቻ ካሰላ የሚከተበው ከሚያስፈልገው በታች ይሆናል። የመንግሥት ገንዘብ ቦታው እዚህ ነው። ክትባት ሁሉ በነጻ ይሁን ማለትም፣ ሁሉም በክፍያ ይሁን ማለትም ከማሰብ መሸሽ ነው።

አሁን የራሴን ሕግ ራሴ ላፍርስ። በሽታውን ጨርሶ ማጥፋት የሚቻል ሲሆንስ?

ደስታ የሚባለውን የቀንድ ከብቶች ገዳይ በሽታ (ሪንደርፔስት) አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1920 ከህንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች በአንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ በሽታው ቤልጂየም ገባ። ድንጋጤው ቀላል አልነበረም። በ1924፣ 28 አገሮች ተስማምተው ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የምንለውን ተቋም መሠረቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገና አልተወለደም ነበር።

በ1962 ደግሞ በአፍሪካ ብዙ አገሮችን ያሳተፈ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ሠራ፤ እጅግ ሠራ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሽታው ከሞላ ጎደል የጠፋ መሰለ። ያኔ ምን ሆነ? ክትባቱ ላላ፣ ክትትሉ ላላ፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ሄደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ በሽታ ተመልሶ አህጉሩን አዳረሰው።

ስንፍና ነው ብለን ማለፍ እንችላለን። እኔ ግን የከፋው ነገር ሌላ ይመስለኛል፤ በዓመታዊ ሒሳብ ካየነው ማቆሙ ልክ ነበር። በሽታው ሊጠፋ ሲቃረብ አንድ ታማሚ ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ ሰማይ ይነካል። በዓመቱ የሚድነው ከብት ደግሞ ጥቂት ነው። ቅድም ስለ ጡት ብግነት የነገርኳችሁ ሕግ «አቁም» ይላል። ያ ሕግ የማያየው ግን በሽታው ከጠፋ ወጪውም ለዘለዓለም እንደሚቆም ነው። ሩቅ ቦታ ላይ ያለውን ጥቅም ሒሳባችን ውስጥ ካላስገባን፣ በደጃፉ ላይ ደርሰን እንመለሳለን።

ሁለተኛው ዙር የተሳካው ሥራው ስለተለወጠ ነው። ከማቀዝቀዣ ውጭ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሠራ። መኪና በማይደርስበት ቦታ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው ይዘውት ሄዱ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አሁን ተራው የዘመዱ፣ ፒፒአር የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ነው፤ እስከ 2030 ይጠፋል ተብሎ ተወጥኗል። ቀነ ገደቡ ተቃርቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ክትባቱ አይደለም፤ ጥሩ ክትባት አለ። የሚያሳስበኝ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ወጪ ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

ማን ይከፍላል ካልን አይቀር፣ እንግሊዝን እናንሣ። በ2001 በተነሣው አፍተግር ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። የመንግሥት ወጪ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ አለፈ፤ የግሉ ዘርፍ ኪሳራ ደግሞ ከ5 ቢሊዮን። ከዚያ ውስጥ ብዙው የአርቢው ኪሳራ አልነበረም፤ እሱ ካሳ ተከፍሎታል። የገጠር እግረኛ መንገዶች ሲዘጉ ጎብኚ ቀረ፣ ሆቴሎችና ትናንሽ ንግዶች ባዶ ቀሩ። አንድም በግ የሌላቸው ሰዎች የበግ በሽታ አከሰራቸው።

በቻይና ደግሞ ሌላ መልክ አየን። በ2018 የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ገባ። በዓመት ጊዜ ውስጥ የአገሪቱ አሳማ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የሥጋውም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አሳማው ያለቀበት ገበሬ ከሰረ፣ አሳማው የተረፈለት ግን ከመቼውም በላይ አተረፈ። የሁለቱንም ሒሳብ የከፈለው ሸማቹ ነው። የሞቱትን እንስሳት በገበያ ዋጋ አባዝቶ «ኪሳራው ይኸውና» የሚል ጥናት ይህን ሁሉ አያይም።

ስለ ካሳ አንድ ነገር ልበል፤ ከሰዓት በኋላ መጨቃጨቃችን አይቀርምና። ካሳ በእኔ አስተያየት የመረጃ ዋጋ ነው። ሲያንስ አርቢው የታመመውን ይደብቃል፣ ወይም ሌሊት ነድቶ ሩቅ ገበያ ይሸጠዋል፤ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። ከገበያ ዋጋ ሲበልጥ ደግሞ የጥንቃቄ ምክንያት ይጠፋል። እኔ በፍጥነት የሚከፈል መካከለኛ ካሳ ዘግይቶ ከሚመጣ ትልቅ ካሳ ይሻላል ባይ ነኝ። የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ።

አንቲባዮቲክን ብዙ አላነሳም፤ ነገ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አለው። እንደ ጋራ ግጦሽ እዩት ብቻ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ትንሽ ይወስዳል፣ የሚያልቀው የመድኃኒቱ ኃይል ግን የሁሉም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለማደለቢያ እንዳይውል በ2006 ሙሉ በሙሉ ከልክሏል፤ የእንስሳት እርባታውም አልፈረሰም።

አቅራቢዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን። በሽታው ያሳጣውን ጠቅላላ ገንዘብ የሚያሳይ ስላይድ ካላችሁ አሳዩን፤ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አትቁሙበት። ቀጣዩ አንድ ዶላር የት ቢውል ይበልጥ ያድናል? ማን ይከፍላል፣ ማንስ ይጠቀማል? ቀሪውን ጊዜ ለእነዚህ ስጡልን። መልስ ያላገኛችሁለት ካለም ክፍት አድርጋችሁ አምጡት፤ ከመድረኩ ይልቅ አዳራሹ ውስጥ ብዙ የሚያውቅ ሰው ተቀምጧል።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አቅራቢዎች፣ ወደ መድረክ ኑልን።