ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን ወገኖች። ከደብረ ብርሃን ነን። የዛሬው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ግርማ ጋቢውን እንደለበሰ ነው ማይክ ፊት የተቀመጠው።

ግርማ፦ ጨዋታው ረጅም ስለሆነ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ጀምሪ አንቺ።

ሂሩት፦ በአክስቴ ልጅ ልጀምር። መንዝ ነው ያደገው። ሰባት ዓመት ሲሞላው መውደቅ ጀመረ። ዓይኑ ይገለበጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ክብሪት እየጫሩ አፍንጫው ሥር ያጨሱለት ነበር። አልሆነም። በመጨረሻ አንድ «አዋቂ» ዘንድ ወሰዱት። ሰውዬው ልጁን አየት አደረገና «ተበልቷል» አለ። «የበላችውም እጇ ከጭቃ የማይለይ ሴት ናት» አለ።

ግርማ፦ ሸክላ ሠሪ ማለቱ ነዋ።

ሂሩት፦ አዎ። በሰፈሩ ደግሞ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ስም መጥራት እንኳን አላስፈለገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ጠጪ የሚላት ጠፋ። እናቶች ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ልጁ ግን መውደቁን አልተወም።

ግርማ፦ እስከ መቼ?

ሂሩት፦ ሦስት ዓመት። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አክስቴን ለምና ለምና ጤና ጣቢያ አስወሰደቻት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። ፌኖባርቢታል የሚባል ክኒን ጀመረ። ርካሽ ነው፤ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀምበት ኖሯል። ልጁ ዛሬ ትዳር ይዟል። ሴትየዋን ግን እስካሁን «አጥፍተናል» ያላት ሰው የለም። ይሄ ነገር ይከነክነኛል። የዛሬውን ርዕስ ያመጣሁትም ለዚህ ነው።

ግርማ፦ ርዕሳችን እንግዲህ «እስቲ እንፈትሸው» ባዮቹ ናቸው። ጥንቆላ፣ መናፍስት መጥራት፣ በእጅ መዳበስ መፈወስ፣ የሰው ልብ ማንበብ ሲባል ቁጭ ብለው የሚመረምሩ ሰዎች። ተጠራጣሪዎች ይባላሉ። እኛ ለመጠርጠር አዲስ አይደለንም። በግ ስንገዛ ላቱን እንዳብሳለን፣ ጥርሱን እናያለን። ማር ስንገዛ ስኳር ገብቶበት ይሆን ብለን እንቀምሳለን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምንል ሰዎች ነን። ጠንቋይ ቤት ስንገባ ግን ይሄን ሁሉ በር ላይ አውልቀን እንገባለን።

ሂሩት፦ ምክንያቱም በግ የምንገዛው ደህና ሆነን ነው። እዚያ የምንሄደው ጨንቆን ነው።

ግርማ፦ እውነትሽን ነው። እናቴም አንድ ጊዜ ጨንቋት ሄዳለች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ይዛኝ ሄደች። ውጭ አግዳሚ ላይ ብዙ ሰው ይጠብቃል። አንዲት ደግ ሴት ቡና ታቀርባለች። «ከየት መጣሽ እናቴ? ምን ገጠመሽ? ልጅ ነው ወይስ ከብት?» ትላለች። እናቴ ሆዷን ዘረገፈችላት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ ስንገባ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ «ከተጉለት ነው የመጣሽው፤ የጠፋብሽ በሬ ነው» አላት። እናቴ አለቀሰች። ሁሉን አወቀልኝ ብላ። ያቺ ቡና የምታቀርበው ሴት የእሱ ጆሮ መሆኗ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሂሩት፦ አሜሪካ ውስጥ ያንኑ በሬዲዮ አድርገውታል እኮ።

ግርማ፦ እሱን ልነግራችሁ ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1986 ነው። ፒተር ፖፖፍ የሚባል በቴሌቪዥን የታወቀ ፈዋሽ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የማያውቀውን ሰው በስሙ ይጠራል፣ አድራሻውን ይናገራል፣ በሽታውን ይነግረዋል። ሰው ዊልቸሩን እየተወ ይነሳል። ጄምስ ራንዲ የሚባል ሰው ግን ጠረጠረ። ራንዲ ካናዳ የተወለደ ምትሃተኛ ነው፤ መድረክ ላይ ከሰንሰለት እያመለጠ የኖረ። ቡድኑ የሬዲዮ ሞገድ መፈለጊያ ይዞ አዳራሹ ገባ። በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የሴት ድምፅ አገኙ። የፖፖፍ ሚስት ናት። ሰዎቹ ከጉባኤው በፊት የሞሉትን የጸሎት ካርድ እያነበበች በባሏ ጆሮ ውስጥ ትነግረዋለች።

ሂሩት፦ ቡና የምታቀርበው ሴት!

ግርማ፦ ራሷ! ቅጂውን በቴሌቪዥን አሰሙት። በዓመቱ የፖፖፍ ድርጅት ኪሳራ አወጀ።

ሂሩት፦ እኔን የገረመኝ ይሄን ሥራ የጀመሩት ብዙዎቹ ምትሃተኞች መሆናቸው ነው። ሃሪ ሁዲኒም እንደዚያው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ወላጆች ሙታን እናነጋግራለን ወደሚሉ ሰዎች ይጎርፉ ነበር። ሁዲኒ እየዞረ ዘዴያቸውን አጋለጠ።

ግርማ፦ ሳይንቲስት ተፈጥሮን ነው የሚያጠና፤ ተፈጥሮ ደግሞ አታጭበረብርም። ምትሃተኛ ግን የሰው ዓይን እንዴት እንደሚታለል ያውቃል። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የበረቱት። በ1976 ፖል ኩርትዝ የሚባል ፈላስፋ አሜሪካ፣ ቡፋሎ ከተማ ላይ እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምር ኮሚቴ ሲያቋቁም ካርል ሴጋንን የመሰለ የጠፈር ተመራማሪም፣ ራንዲም አብረውት ነበሩ። ራንዲ እስከ 2015 ድረስ ፈተና ክፍት አድርጎ ቆይቷል። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ያሳየ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል። የፈተናውን ሕግ ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ተስማምተው ይፈርሙበታል። ማንም አልወሰደውም።

ሂሩት፦ ገንዘቡን ተወው፤ እኔ የምወደው የኤሚሊ ሮዛን ነው።

ግርማ፦ ንገሪያቸው። ወላጆች በደንብ ስሙ።

ሂሩት፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሳይነኩ በእጅ የመፈወስ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። ነርሶቹ እጃቸውን ከሕመምተኛው ገላ ትንሽ ከፍ አድርገው «ኃይሉ ይሰማናል» ይላሉ። ኤሚሊ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራ አንድ ነገር አሰበች። ኃይሉ ከተሰማቸው፣ እጄ የት እንዳለ ሳያዩ ማወቅ አለባቸው አለች። መሃል ላይ ካርቶን ጋረደች። ፈዋሹ ሁለት እጁን በካርቶኑ ሥር አሳልፎ ያስቀምጣል። እሷ ሳንቲም ትወረውርና ከግራ ወይ ከቀኝ እጁ በላይ እጇን ትዘረጋለች። «የትኛው ነው?» ትለዋለች።

ግርማ፦ በቃ ይኸው ነው መሣሪያው። ካርቶንና ሳንቲም።

ሂሩት፦ 21 ፈዋሾች ተፈተኑ። ከ280 ሙከራ 123ቱን አገኙ። 44 በመቶ ማለት ነው። ዝም ብሎ የገመተ ሰው ግማሹን ያገኛል። ውጤቱ በ1998 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። በዚያን ጊዜ ኤሚሊ 11 ዓመቷ ነበር። ልብ በሉ፣ ማንንም አልሰደበችም። «ዋሽታችኋል» አላለችም። ፈዋሾቹ ብዙዎቹ ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። እሷ መጋረጃ ብቻ ነው ያደረገችው።

ግርማ፦ የእናቴም ጉዳይ ይኼው ነው። መጋረጃው አልነበረም። ከዚያች ሴት ጋር ሳትነጋገር ብትገባ ኖሮ ሰውዬው ምን ይል ነበር?

ሂሩት፦ እሺ፣ አሁን ከባዱን ጥያቄ ላንሳ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «እምነቴን ልትነኩብኝ ነው» ይላል። እኔ ጾሜን እጾማለሁ፣ ጠበል እጠመቃለሁ። ይሄ ሁሉ ለእኔ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ግርማ፦ ራንዲ ራሱ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ነበር፤ አልደብቅሽም። ግን የምናወራው ስለ ሥራው ነው። ጠንቋይን መቃወም በእኛ ዘንድ ከማን ተጀመረ? ይሄን ከተማ የቆረቆረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለጠንቋይና ለአስጠንቋይ መራር ጠላት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስም ዘዳግም 18 ላይ ጠንቋይ አትጠይቁ ይላል።

ሂሩት፦ ዘርዓ ያዕቆብን ካነሳህ ብርሃኑንም አንሳዋ።

ግርማ፦ አነሳለሁ። ንጉሡ እዚህ ሳለ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ አጥኚዎች ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰው ነው። በ1986 መጥቶ ነበር፤ በ2061 ይመለሳል።

ሂሩት፦ ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። የከተማዬን ስም የቀሙኝ መሰለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ብርሃኑ አልታየም ያለ ማንም የለም። ታይቷል። ጥያቄው ምን ነበር የሚል ነው። የአክስቴም ልጅ እንዲሁ። መውደቁ እውነት ነው፤ በዓይናችን አይተናል። መፈተሽ የነበረበት «በላችው» የሚለው ነው።

ግርማ፦ እሱን ነው የምልሽ። ያየኸው ነገርና ለእሱ የተሰጠህ ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሂሩት፦ ይሄን መናገር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ሕንዳዊው ናሬንድራ ዳቦልካር ሐኪም ነበር። በ1989 በማሃራሽትራ ግዛት አጉል እምነትን የሚቃወም ማኅበር መሠረተ። በመተትና በአስማት ስም ሰውን መበዝበዝና መጉዳት የሚከለክል ሕግ ይውጣ ብሎ ዓመታት ተከራከረ። ነሐሴ 2013 ፑኔ ከተማ ውስጥ ጠዋት በእግሩ ሲንሸራሸር በጥይት ገደሉት። ሕጉ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ግርማ፦ እኔ ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ ናይጄሪያዊው ሊዮ ኢግዌ ነው። ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ከቤታቸው የተባረሩ፣ የተደበደቡ ሰዎችን ይከላከላል። ሥራው እንደ ራንዲ የመድረክ አይደለም። አንዲት አሮጊት ስትከሰስ አጠገቧ መቆም ነው። ጠበቃ መፈለግ፣ ፖሊስ ዘንድ መሄድ፣ ቤተሰብ ማነጋገር።

ሂሩት፦ የመንዟ ሴት አጠገብ ማን ቆመ?

ግርማ፦ ማንም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ነገሩ ዛሬ ያልተጀመረ መሆኑ ነው። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለደው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግሮ ነበር፤ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ፣ ባለ እጁን እየሰደባችሁ አገሬን ባዶ ልታስቀሩ ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልን፣ ምጣዳችንን የምትሠራልን ሰው ናት «ቡዳ» የምንላት። እንጀራውን በልተን ምጣድ የሠራችውን እንፈራለን።

ሂሩት፦ እኔ ቡዳን ይፈትሽልኝ ብዬ ራንዲን ከመቃብር አልጠራም። ጥያቄው ከባድ አይደለም። ሴትየዋ ሌላ አገር በሄደችበት ወር ልጁ አልወደቀም ወይ? ወድቋል። አክስቴ ራሷ ናት የነገረችኝ። ሴትየዋ ልጇ ወልዳ ልታርሳት አዲስ አበባ ከርማ ነበር፤ ልጁ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ወድቋል። «ታዲያ ይሄን ያኔ ለምን አላሰብሽም?» አልኳት። ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች።

ግርማ፦ ከዚያስ?

ሂሩት፦ «ጀበናዬ ጆሮው ተሰብሯል» አለችኝ።

ግርማ፦ ምን ማለቷ ነው?

ሂሩት፦ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ወዲህ ጀበና የምትገዛው ከሩቅ ገበያ ነበር። ለመስቀል ስሄድ አብረን ወደ ሴትየዋ ቤት እንድንሄድ ተነጋግረናል። ልጁም እመጣለሁ ብሏል።

ግርማ፦ ስትመለሺ ትነግሪናለሽ።

ሂሩት፦ እነግራችኋለሁ። ቡናውን ከጠጣች።