ቢታደስ ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የአሮጌ ኮሚክ ጥያቄዎቻችሁ

በዛሬው ዝግጅታችን ከአሜሪካ የደወላችሁ አድማጮች ስለ አሮጌ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጻሕፍት እድሳት ለጠየቃችሁት ባለሙያዎቻችን የሰጡት መልስ የሚከተለው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ ኮሚክ ገዝቻለሁ። ሽፋኑ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀዷል። የጀርባው እጥፋት ላይ ቀለሙ የተላጠውን ቦታ ደግሞ አንድ ሰው በጥቁር ማርከር ቀብቶታል። ላስጠግነው ወይስ እንዳለ ልሽጠው?

መልስ፦ ቅዱና ማርከሩ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። ቅድ ሲያያዝ ወረቀቱ ከባሰ ጉዳት ይድናል፤ ቀለም ሲቀባ ግን ጉዳቱ ይደበቃል እንጂ ወረቀቱ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ገበያውም የሚለያያቸው በዚሁ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ኮሚክ እየመረመረ በፕላስቲክ የሚያሽገው የፍሎሪዳው ኩባንያ ሲጂሲ (CGC)፣ ያልታደሰ ኮሚክ ላይ ሰማያዊ ሌብል፣ ቀለም በተቀባው ወይም ጠርዙ በተከረከመው ላይ ወይን ጠጅ ሌብል ይለጥፋል። የሁለቱም ግሬድ (ከ10 የሚሰጥ የይዞታ ደረጃ) 6.0 ቢሆን እንኳ፣ ወይን ጠጁ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ቅድ ማያያዝና የዛገ የስቴፕለር ሽቦ መቀየርን የመሰሉ፣ ዕድሜ ለማራዘም የሚሠሩ ጥገናዎች ግን ለብቻቸው ምድብ አላቸው፤ የዋጋ ጉዳታቸውም ቀለል ይላል።

ማርከሩን በአልኮል ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ ቀለሙ ይሰራጫል። ሽፋኑን ገልጠው የውስጡን ገጽ ይዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከታየ ሊወጣ አይችልም። በስለት ፍቀው ወደ ሰማያዊ ሌብል የሚመልሱ አሉ፤ ግሬዱ ዝቅ ይላል፣ ዋጋው ግን አንዳንዴ ይበልጣል። እኛ ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ካልሆነ አንመክርም፤ የጀርባው እጥፋት ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል።

ቅዱ ሲገለጥ የሚረዝም ከሆነ ብቻ ይጠገን። ሙጫው አንድ እጅ የስንዴ ስታርች ከአምስት እጅ ውሃ ጋር ነው። በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያበስሉታል፤ ሲቀዘቅዝ በወንፊት አጥልለው በጥቂት ውሃ ያቀጥኑታል። ከስስ የጃፓን ወረቀት አምስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ያዘጋጃሉ። በመቀስ አይቁረጡት፤ በእርጥብ ብሩሽ መስመር አስምረው ይቅደዱት፣ የጠርዙ ጭረቶች ናቸው ከሽፋኑ ጋር የሚዋሃዱት። ሙጫውን በስሱ ቀብተው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ይለጥፉት። ከላይና ከታች የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ውጭ ውሃ የሚመጥ ወረቀት አድርገው ጠፍጣፋ ነገር ይጫኑበት። መጣጩን ከ10 ደቂቃ በኋላ ይቀይሩና እስከ ነገ ይተዉት። ሙጫው ከበዛና ከቀጠነ ውሃው በወረቀቱ ውስጥ ያለውን አሲድና ቆሻሻ እየገፋ ይሄዳል፤ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቡናማ መስመር ይቀራል። መጀመሪያ በማያሳዝን ርካሽ ኮሚክ ላይ ይለማመዱ።

ስታርች የሚመረጠው በእርጥበት ተመልሶ ስለሚላቀቅ ነው፤ ነጭ የእንጨት ኮላ አይላቀቅም። ስኮች ደግሞ አያድርስ! ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የሚያስገርመው፣ ሲጂሲ ስኮችን የሚቆጥረው እንደ እድሳት ሳይሆን እንደ ጉድለት ነው፤ ስለዚህ ወይን ጠጅ ሌብል አያመጣም። ይህን ሰምቶ ስኮች የሚለጥፍ እንዳይኖር።

ከሲያትል የደወለች አድማጭ፦ በኢንተርኔት የገዛሁት የስድሳ ዓመት ኮሚክ ለምርመራ ስልከው «ጠርዙ ተከርክሟል» ተባለ። ሻጩ ምንም አላለኝም። አስቀድሜ ማወቅ እችል ነበር?

መልስ፦ በፎቶ ብቻ ይከብዳል። በእጅሽ ሲገባ ግን በዚያው ወር ከታተመ ሌላ ቅጂ ጋር ደራርበሽ ስፋቱን አስተያዪ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤቶቹም አስተካክለው አይቆርጡም ነበር። የሚያጋልጠው የጠርዙ መልክ ነው። የስድሳ ዓመት ጋዜጣ ወረቀት ጠርዙ ላይ ጠይም መሆን አለበት፤ መሃሉ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ነጭና ስለታም ከሆነ በቅርቡ ተቆርጧል ማለት ነው። ቀለም መቀባቱን ለማየት ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ አብሪበት፤ ብዙ ጊዜ የኋለኛው ቀለም ከጥንቱ ኅትመት የተለየ ሆኖ ይወጣል።

ሻጩ አውቆ ከደበቀ አጭበርብሯል፤ ምናልባት እሱም ሳያውቅ ገዝቶት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የምርመራውን ውጤት ልከሽ ገንዘብሽን ጠይቂ። ለወደፊቱ ከመክፈልሽ በፊት «ተከርክሟል? ቀለም ተነክቷል? ገጽ ተቀይሯል?» ብለሽ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። «እኔ እስከማውቀው» የሚል መልስ ከመጣ ዋጋውን እንደ ታደሰ ቆጥረሽ ተደራደሪ። መከርከም መመለሻ የለውም፤ ለዚህም ነው ከእድሳቶች ሁሉ የከፋ የምንለው።

ከሚኒያፖሊስ የደወለ ወጣት አድማጭ፦ ኮሚክን በሙቀት ተጭኖ ማቃናት ማጭበርበር ነው? በካውያስ ይሆናል?

መልስ፦ ሲጂሲ ማቃናትን እንደ እድሳት አይቆጥረውም፤ ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልተቀነሰለትም። የሚስተካከለው ቀለሙን ያልሰበረ እጥፋት ብቻ ነው። ነጭ መስመር ካወጣ ቀለሙ ስለሄደ አይመለስም። ገዢ ተቃንቶ እንደሆነ ቢጠይቅህ ግን አትካድ። ካውያ አይሆንም፤ ሙቀቱ እኩል አይደርስም፣ የሽፋኑን አንጸባራቂነት ያበላሻል፣ የስቴፕለሩን ሽቦ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ያትማል።

እዚያው ከሚኒያፖሊስ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 አለኝ፤ ጥጉ ተጣጥፏል። ላሳድሰው?

መልስ፦ ተወው። ከስምንት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል፤ ከጥገናው ሒሳብ ባነሰ ዋጋ ንጹሑን ትገዛለህ።