ካሜን ራይደርን ዛሬ ለምትጀምሩ

እንደምን አመሻችሁ!

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችንም አያለሁ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ብዙ አላስቀምጣችሁም። ከኔ ንግግር በኋላ የአንድ የጃፓን ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች አብረን እናያለን።

ድራማው ካሜን ራይደር ይባላል። ካሜን በጃፓንኛ ጭምብል ማለት ነው። ራይደር ደግሞ ሞተር ሳይክል ነጂው። አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ አይደለም። እውነተኛ ተዋናዮች ናቸው። ጭራቆቹም ሰው ውስጡ ገብቶ የሚለብሳቸው ልብሶች ናቸው። ጃፓኖች ይህን ዓይነት ሥራ ቶኩሳትሱ ይሉታል፤ ልዩ ቀረጻ እንደማለት ነው።

ፓወር ሬንጀርስን እያየን ያደግን ሰዎች ሳናውቀው የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጠናል። ፓወር ሬንጀርስ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያ ፕሮግራም ሲጀመር የጭምብል ፍልሚያዎቹን በብዛት የወሰደው በ1992 ከተሠራው ዙሬንጀር ከሚባለው የጃፓን ቶኩሳትሱ ተከታታይ ነበር። ጭምብሉ ሲወልቅ የምናየው አሜሪካዊ ነው። ጭምብሉ ሲጠለቅ ግን የሚዘለው፣ የሚገለበጠው፣ የሚወድቀው ጃፓናዊ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የዚያን ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል። በልጅነቴ የወደድኩት ነገር ሌላ አገር ቤተሰብ አለው ለካ!

ስለ ካሜን ራይደር ሳወራ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። «ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው፤ አሁን ከየት ብዬ ልጀምረው?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ብቻ 98 ክፍል አለው። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ስትደምሩት ያስፈራል።

ነገር ግን ካሜን ራይደር አንድ ረጅም ታሪክ አይደለም። ከ2000 ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ይጀመራል። አዲስ ጀግና፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ጠላት። ዓመት ገደማ ይሄድና ታሪኩ ያልቃል። ዛሬ ጃፓን ውስጥ የሚተላለፈው እሁድ ጠዋት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ። ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጠው የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ የመጀመሪያው ራይደር ስለወጣበት 1971 ምን ያውቃል? ያለፈው ዓመት እንኳን በደንብ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ በየዓመቱ የሚጽፉት ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። እናንተም ከዚያ ልጅ ጋር እኩል ናችሁ። ማንም አልቀደማችሁም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። እኔ የጀመርኩት በ2009 በወጣው ዲኬድ ነበር። ዲኬድ የቀድሞዎቹን ዘጠኝ ራይደሮች ዓለም እየዞረ የሚጎበኝ የበዓል ሥራ ነው። ለሚያውቃቸው ሰው ድግስ ነው። እኔ ግን ሙሽራውንም ሙሽሪትንም የማላውቅበት ሰርግ ላይ የተቀመጥሁ ያህል ነበር። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ አላውቅም። ብዙ ወራት ተውኩት። ጥሩ ጓደኛ ባይኖረኝ ኖሮ ጭራሽ አልመለስበትም ነበር። ስለዚህ ብዙ ራይደሮች አንድ ላይ የሚሰበሰቡበትን ሥራ ለኋላ አቆዩት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልውሰዳችሁ። ሚያዝያ 3 ቀን 1971። ታሪኩን የፈጠረው የማንጋ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ሠዓሊው ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ነው። ቀረጻውን የያዘው ቶኤይ የተባለው የፊልም ድርጅት ነው። ዋናው ሰው ታኬሺ ሆንጎ ይባላል። ጎበዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የሞተር ተወዳዳሪ ነው። ሾከር የሚባል ክፉ ድርጅት ያፍነዋል። ቀዶ ጥገና አድርገው ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ፌንጣ የሆነ ማሽን ያደርጉታል። አእምሮውን ሳያጥቡት በፊት ግን ያመልጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ ጀግና ኃይሉን ያገኘው ከሰማይ አይደለም። የሰጡት ጠላቶቹ ናቸው። እሱና የሚገጥማቸው ጭራቆች ከአንድ ቀዶ ጥገና አልጋ የተነሱ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የእሱ ልብ የራሱ ሆኖ መቅረቱ ብቻ ነው። ደግሞም ወደ ቀድሞው ሰውነቱ መመለስ አይችልም። ከሆንጎ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ራይደሮች ይህንኑ ይወርሳሉ። ወደ ራይደር የሚለወጡበት ቀበቶ ይለያያል፣ ቀለሙ ይለያያል፤ ኃይሉ ግን ከጠላት ምንጭ የተቀዳ ነው። ጭምብሉ ውስጥ ሐዘን አለ የምለው ለዚህ ነው። እኔን የያዘኝም እሱ ነው እንጂ ፍንዳታው አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሆንጎን የተጫወተው ሂሮሺ ፉጂዮካ አደገኛ ትዕይንቶችን ራሱ ይሠራ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ቀረጻ ላይ ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዋናው ተዋናይ ሆስፒታል ገባ፤ ፕሮግራሙ በየሳምንቱ መውጣት አለበት። ምን ይደረግ? ገጸ ባሕሪው ይሙት የሚል ሐሳብ ተነሳ። ፕሮዲውሰሩ ቶሩ ሂራያማ አልተቀበለም። የሕፃናት ጀግና እንዴት ይሞታል? ሆንጎ ሾከርን ሊዋጋ ባህር ማዶ ሄዷል ተባለ። በ14ኛው ክፍል ሁለተኛ ራይደር መጣ፤ ሃያቶ ኢቺሞንጂ። የተጫወተው ታኬሺ ሳሳኪ ነው።

ሳሳኪ ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ አልነበረውም! የመጀመሪያው ራይደር የሚለወጠው በሞተር ሲከንፍ ቀበቶው ላይ በሚነፍሰው ንፋስ ነበር። ስለዚህ ቆሞ የሚለወጥበት መንገድ ተፈለገ። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ክብ አዙሮ፣ «ሄንሺን!» ብሎ ይጮሃል። መለወጥ ማለት ነው። የጃፓን ልጆች በየሰፈሩ ይህን ያዙ። ፉጂዮካም ድኖ ሲመለስ ለሆንጎ የራሱ ሄንሺን ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ራይደር ሁሉ የራሱ አኳኋን አለው ማለት ይቻላል። አንድ የተሰበረ እግርና አንድ ያልወጣ መንጃ ፈቃድ ይህን ሁሉ አመጡ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ስለምወደው ልንገራችሁ። በ2000 የወጣው ኩጋ ነው። ዋናው ሰው ዩሱኬ ጎዳይ ይባላል፤ የተጫወተው ጆ ኦዳጊሪ ነው። ጎዳይ አገር ለአገር መዞር የሚወድ፣ ሳቅ የማይለየው ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ እያለ አባቱ ሞቷል። ያኔ አስተማሪው አውራ ጣቱን ቀስሮ አበረታው። ለሌላ ሰው ፈገግታ መድከም ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገረው። ጎዳይም 2000 ዓመት ሲገባ 2000 ሙያ ይኖረኛል ብሎ ቃል ገባ። ቀልድ ይመስላል፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

ጠላቶቹ ግሮንጊ ይባላሉ። ሰው የሚገድሉት ለጨዋታ ነው፤ ሕግ አውጥተው፣ የገደሉትን እየቆጠሩ። ፖሊሶቹ ደግሞ እንደ እውነተኛ ፖሊስ ይሠራሉ። ቦታውና ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ወላጆች፣ ይህን ግን ለትንንሽ ልጆች አታሳዩ። ግድያው ይከብዳል።

ጎዳይ መጀመሪያ ሲለወጥ ነጭ ነበር የሆነው። ነጩ ደካማ ነው፤ ልቡ ገና አልቆረጠም። በሁለተኛው ክፍል አባቷ የተገደለባት ልጅ ስታለቅስ ያያል። ከዚያ በእሳት በተያያዘ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጭራቁን ይገጥማል። መርማሪው ኢቺጆ ይህ ያንተ ሥራ አይደለም ብሎት ነበር። ጎዳይ ግን የማንንም እንባ ማየት እንደማይፈልግ ይናገራል። ከዚያ ኢቺጆን እየኝ፣ ስለወጥ ተመልከተኝ ይለዋል። እሳቱ መሃል ቀይ ሆኖ ይቆማል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም። ይህ ልጅ መምታት የሚጠላ ሰው ነው። በቡጢ ሲመታ እጁ ላይ የሚቀረው ስሜት ያስጠላዋል። ለሌላው ፈገግታ ሲል ግን ዓመቱን ሙሉ ይመታል። የራሱ ፈገግታስ ምን ይሆናል? የመጨረሻውን ፍልሚያ አልነግራችሁም። ራሳችሁ ደርሳችሁ እዩት።

እውነቱን ለመናገር የማልወደውም አለ። ይህ ፕሮግራም አሻንጉሊት ይሸጣል። ቀበቶው፣ ሰይፉ፣ ቀበቶው ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ይጠብቃል። በተለይ በቅርብ ዓመታት ሥራዎች ጀግናው በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ዕቃና አዲስ መልክ ያገኛል። አንዳንዴ ታሪኩ ለዕቃው ቦታ ሲለቅ ይታወቃል። የኮምፒውተር ምስሉም የሆሊዉድን ያህል አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። እኔ የምለምናችሁ ሁለት ክፍል እንድትታገሱ ነው። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

ለዛሬ ኩጋን ያልመረጥሁት ልጆች ስላሉ ነው። የምናየው በመስከረም 2009 የጀመረውን ደብል ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ፉቶ የምትባል የንፋስ ከተማ አለች። በየቦታው የንፋስ መዘውር ይሽከረከራል። እዚያ ሁለት ወጣቶች የመርማሪ ቢሮ አላቸው። አንድ ባለጉዳይ ይመጣል፣ ችግሩን ይናገራል፣ በሁለት ክፍል ጉዳዩ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ሙሉ ታሪክ ነው፤ አንጠልጥዬ አልልካችሁም። ወንጀሉ የሚሠራው በድብቅ በሚሸጥ ትንሽ ፍላሽ በሚመስል ዕቃ ነው። ሰው ሰውነቱ ላይ ሲሰካው ጭራቅ ይሆናል። ሱስም ይይዘዋል። ገዢዎቹ ተራ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው።

ከሁለቱ አንዱ ሾታሮ ይባላል። ባርኔጣ አድርጎ ኮስታራ መርማሪ መሆን ይፈልጋል። ልቡ ግን ለሰው ቶሎ ይራራል። ስለዚህ ገና ግማሽ ነው የበሰልከው ይሉታል። በእኛም ቋንቋ አልበሰለም እንደምንለው መሆኑ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ፊሊፕ ነው። እውቀት እንደ ጎርፍ ይፈስለታል፤ ስለ ራሱ ግን ምንም አያውቅም። የተጫወተው ማሳኪ ሱዳ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬ ከጃፓን ታዋቂ ተዋናዮች አንዱ ነው።

ሁለቱ ሲለወጡ አንድ ሰው ይሆናሉ። የፊሊፕ ሰውነት ባለበት ይወድቃል፤ መንፈሱ ወደ ሾታሮ ይገባል። ግራው ጎን ጥቁር፣ ቀኙ አረንጓዴ። ልብሱን የለበሰው ሴይጂ ታካይዋ ነው። ከ2001 እስከ 2019 አብዛኞቹን ዋና ራይደሮች ከጭምብሉ ሥር የሠራው እሱ ነው። ፊቱ አይታይም። ድምፁም የሌሎቹ ነው። የቀረው አካሉ ብቻ ነው፤ በዚያ አንድ አካል ሁለት ሰው መሆን አለበት።

ሌላ ማየት የምትፈልጉ ቶኤይ በ2020 የከፈተው የዩቲዩብ ቻናል አለ። ሲከፈት የብዙ ሥራዎችን የመጀመሪያ ሁለት ሁለት ክፍሎች በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። የጃፓንኛውን ስም እንዴት እንደምትፈልጉት ከፕሮግራሙ በኋላ አሳያችኋለሁ።

አሁን መብራቱን አጥፉልኝ። ልጆች፣ ወደ ፊት ቅረቡ። ደብል ሲቆም፣ ሲነጋገር፣ ሲፋለም ቀኝ እጁን ተከታተሉ። ግራው የሾታሮ ነው፤ ቀኙ የፊሊፕ።