ሕጉን ከተቆጣጣሪው አፍ አንስማ
(ጅማ ከተማ ለተሰበሰቡ ቸርቻሪ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)

አካም ቡልታን! እንደምን አደራችሁ?

ሱቃችሁን ለልጅ ወይም ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ አላንዛዛም። እኔም እንደናንተው ባለሱቅ ነኝ። ሄርማታ መርካቶ በኩል የቤትና የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ።

ሕግ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በወሬ ነው። ወይ ከጎረቤት ባለሱቅ፣ ወይ ከቲክቶክ፣ ወይ ደግሞ ተቆጣጣሪው በር ላይ ሲቆም። አንዱ «ዋጋ ያልለጠፈ ይታሸጋል» ይላል። ሌላው «ኧረ እሱማ ቀርቷል» ይላል። ጽሑፉን ያየ ግን የለም።

ሕጉ ደግሞ ቆሞ አይጠብቀንም። ስለ ንግድና ስለ ሸማቾች ጥበቃ በ2002 አዋጅ ቁጥር 685 ወጣ። ስሙን እንኳ ሳንለምደው በ2006 በአዋጅ ቁጥር 813 ተተካ። በ2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ መጣ። በቴሌግራም ዕቃ የምትሸጡ ልጆች፣ እሱ እናንተን ይመለከታል። በ2014 ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ቀረና ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። ዛሬም ግን «ባለሥልጣኑ ጋ እከስሃለሁ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። እሱም እንደኛው በወሬ ነው የሚሄደው።

እስቲ ስንቶቻችን ሱቅ ውስጥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል? እጅ አታውጡ፣ አውቀዋለሁ። ያ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። የ2006ቱ አዋጅ ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ልብ በሉ፣ ጉድለት ነው የሚለው። «ቀለሙን ባለቤቴ አልወደደችውም» ብሎ ለመጣ ሰው ይህ አንቀጽ አይሠራም። ለእሱ መመለስ አለመመለስ የእናንተ ደግነት ነው። ሕጉን ያላነበበ ባለሱቅ ግን ሁለቱን አይለይም። ወይ ሁሉንም ያባርራል፣ ወይ ሁሉንም ፈርቶ ይመልሳል።

አንድ ሌላም አለ። ደንበኛው ዕቃውን አገላብጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ሳይገዛ ቢወጣ መብቱ ነው። በአዋጁ በግልጽ ተጽፏል። አለመሰደብም መብቱ ነው፤ በትሕትና መስተናገድ እንዲሁ። ገበያ በጠፋ ቀን ግማሽ ሰዓት አስወርዶን ባዶ እጁን ለሚወጣ ሰው ምን እንደምንል እናውቃለን። እሱ ነው የተከለከለው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ልምጣ። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። ይህ ማለት እናንተና እኔ ከጅምላ ነጋዴው ስንገዛ ሸማች አይደለንም ማለት ነው። ያ 15 ቀን ለደንበኛችን አለ፣ ለእኛ የለም። ደንበኛው የተቃጠለ ምጣድ ይዞ ሲመጣ እንቀይርለታለን። እኛ ምጣዱን ይዘን አከፋፋዩ ጋ ስንሄድ «ሲወጣ ደህና ነበር» እንባላለን። ኪሳራው መሃል ላይ ይቀራል፤ መሃል ላይ ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ሲናገር ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። «ቶሎ» የሚለው ነው እኛን የሚጥለን። ካርቶኑ መጋዘን ገብቶ ሦስት ወር ይከርማል፤ የሚከፈተው ገዢ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ዕቃ ስትረከቡ ክፈቱ፣ ሰኩ፣ ሞክሩ። ጉድለት ካለ በዚያው ቀን በስልክ መልእክት ላኩ፤ መልእክት ይቀመጣል፣ ቃል ይጠፋል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚላችሁ አከፋፋይ የሚቀንስላችሁ መከራከሪያችሁን ነው። «የተበላሸውን እቀይራለሁ» የሚለውንም በጽሑፍ አድርጉት፣ አንድ መስመር ይበቃል። ለብቻችን ስንጠይቀው እምቢ ሊለን ይችላል። ሃያ ሆነን ስንጠይቅ ግን ደንበኞቹን በሙሉ ማጣት አይፈልግም።

ስለ ዋጋ መለጠፍም ቅሬታችሁን አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዋጋው እየተቀያየረ ስንቱን ወረቀት ቀደድን። ቢሆንም ግዴታው አልተነሳም። ዋጋው በሚታይ ቦታ መዘርዘር ወይም ዕቃው ላይ መለጠፍ አለበት። በሚጠፋ ቀለም የሚጻፍበት ትንሽ ሰሌዳ ይበቃል። ነገ ይጨምራል ብሎ ዘይት ከመደርደሪያ ጀርባ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ልከላከልላችሁ አልችልም፣ አልፈልግምም።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየዘርፉ አንድ አንባቢ እንምረጥ፤ ከልብስ አንድ፣ ከሸቀጣሸቀጥ አንድ፣ ከኤሌክትሮኒክስ አንድ። አዋጆች የሚታተሙበት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል። የክልሉ ሕግ ጋዜጣ መገለተ ኦሮሚያ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጭምር አለ። ሱቅ ውስጥ የሚያግዟችሁ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች ካሉ እነሱም ይችላሉ። አንባቢው በወር አንድ ጊዜ አዲስ ነገር ካለ ይንገረን፣ ከሌለም የለም ይበለን። ከአፉ ብቻ አንቀበል፤ አንቀጹን ፎቶ አንስቶ ይላክልን። እኔ ዛሬ የነገርኳችሁንም ቢሆን እንደዚያው አረጋግጡት፤ ሕግ ይሻሻላል።

የ813ን ቅጂ አባዝቼ አምጥቻለሁ፣ መውጫው ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንባቢ መሆን የምትፈልጉ ስማችሁንና ዘርፋችሁን እዚያው መዝገቡ ላይ ጻፉ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልስማ። ከኋላ ካሉት እናቶች እንጀምር፣ ቀድመው መሄድ አለባቸው።