እንግዳው ከአዳራሹ ይውጣ

የተከበራችሁ የሆቴል ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ አስጎብኚ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ስለ ንግድ ቱሪዝም ዓይነቶች ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ዓይነቶቹን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ለስብሰባ የሚመጣ አለ። ዕቃውን ጭኖ ለኤግዚቢሽን የሚመጣ አለ። ኩባንያው ለጉብዝናው ሸልሞ የሚልከው አለ። ውል ሊፈራረም ብቻውን ብቅ የሚል ነጋዴም አለ። የኛ እንጀራ ያለው የመጀመሪያው ላይ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

አዲስ አበባ ለስብሰባ እንግዳ አይደለችም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1955 መሪዎቹ እዚያው ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ዛሬም የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጣ መንገድ ይዘጋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋ ይሰቀላል። ይህን ሁሉ ለምደነዋል። ከዚያ በኋላስ?

በቅርቡ አንድ ተሰብሳቢ ደወለልኝ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ሐኪም ነው። «ሙዚየም ገብቼ ፎቶ ካላመጣሁ ልጄ አትምረኝም» አለኝ። ስብሰባው በጊዜ ያልቃል ተባልን። የመጨረሻው ተናጋሪ ግን ማይኩን አልለቅም አለ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ትሁት ሰው ነው፣ «ነገ ጠዋት ኑ» አለን። ነገ ጠዋት ሰውዬው አውሮፕላን ላይ ነው! ለልጁ የላከላት የብረት በሩን ፎቶ ነው።

ጥፋቱ የዘበኛው አይደለም። ፕሮግራሙ ላይ «ነፃ ጊዜ» ብለን የጻፍን እኛ ነን። ለመድረኩ አበባ ኮሚቴ እናቋቁማለን። ለእንግዳው ከሰዓት የሚያስብ አንድ ሰው ግን የለንም። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አጠገቡ ባለው ሕንፃ ሲሰበሰቡ ሰንብተው ሳያዩት የሄዱ እንግዶች ሸኝቻለሁ። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ደግሞ ስለ ጉባኤው የሚያውቀው መንገድ ሲዘጋበት ብቻ ነው። አታጨብጭቡ፣ እናንተንም ነው የምወቅሰው። ሆቴሉ የአልጋውን ሒሳብ ከተቀበለ በቂ ነው ብላችሁ ተቀምጣችኋል!

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ እኛ ጋ ነው። በጉባኤ ሰሞን ሙዚየሞች እስከ ማታ ይክፈቱ። መመዝገቢያ ጠረጴዛው ጎን አንድ አስጎብኚ ይቀመጥ። ሌላው ይከተላል።

ስለ ኤግዚቢሽንም የጻፍኩት ነበር፤ ጉምሩክ ስለሚያዘው ዕቃ። ሰዓት አልቋል እያሉኝ ስለሆነ ልለፈው።

አሁን ሻይ ቡና ነው። ስገባ ጠረጴዛውን አይቼዋለሁ። ሙቅ ውኃና በፓኬት የታሸገ ዱቄት ቡና ነው፤ ያውም እዚህ አገር! እሱን እንኳ ለማስተካከል የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም።